የሕመም ማስታገሻው በአንዱ ላይ የሚበረታው፣ በሌላው ላይ የሚሰንፈው ለምንድን ነው?

በቀዶ ሕክምና የወለዱ ሁለት እናቶች ከአንድ ሆስፒታል በአንድ ቀን ወጡ እንበል። ለሁለቱም የታዘዘው ባለ 50 ሚሊ ግራም ትራማዶል ነው። በመድኃኒቱ ከረጢት ላይ የተጻፈውም ያው ነው፦ አንድ ፍሬ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። አንደኛዋ ሁለት ቀን ሙሉ ወስዳው ሕመሟ ንቅንቅ አይልም። ሌላዋን ግን ከመጀመሪያው ፍሬ በኋላ ራሷን ያዞራታል፣ ያስመልሳታል፣ ሕፃኑ ሲያለቅስ እንኳ ቶሎ አትነቃም።

እንዲህ ያለ ልዩነት ሲያጋጥም በየቤቱ የሚሰጠው ማብራሪያ የታወቀ ነው። አንዱ «መድኃኒቱ ፎርጅድ ነው» ይላል። ሌላው «የፈረንጅ መድኃኒት ለእኛ አይስማማም» ይላል። ስለ ጉዳዩ ትንሽ ያነበበ ሰው ደግሞ «ከሦስት ኢትዮጵያውያን አንዱ ኮዴይን ቢወስድ አደጋ ላይ ነው» ብሎ ያስደነግጣል።

ጥራቱን ያልጠበቀ መድኃኒት በገበያ ላይ መኖሩ አይካድም። ይሁን እንጂ ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ባች ቁጥር (በአንድ የምርት ዙር መለያ) የወጣ፣ እንከን የሌለው ትራማዶልም በሁለቱ እናቶች ላይ ይህንኑ ልዩነት ሊያሳይ ይችላል። ምክንያቱ ያለው ጉበታቸው ውስጥ ነው። በተለይ ስለ ኢትዮጵያውያን የተገኘው መረጃ ከታተመ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ያ መረጃ ከምርምር መጽሔት ወጥቶ አልጋ አጠገብና መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ በሚገባው ልክ አልደረሰም። ለምን እንዳልደረሰና ምን ቢደረግ እንደሚደርስ ማየት ያስፈልጋል።

ክሊኒካል ፋርማሲ ሲባል

ፋርማሲስት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ከመስኮት ጀርባ ቆሞ ማዘዣ ተቀብሎ መድኃኒት የሚቆጥር ባለሙያ ነው። ክሊኒካል ፋርማሲስት ግን ከሐኪሞቹና ከነርሶቹ ጋር አልጋ ለአልጋ እየዞረ ካርድ ያነባል። የታዘዘው መድኃኒት ለበሽታው ይገባል ወይ? መጠኑ ከኩላሊቱና ከጉበቱ አቅም ጋር ይመጣጠናል ወይ? ከሌላው መድኃኒት ጋር ይጋጫል ወይ? በሽተኛውስ በትክክል እየወሰደው ነው ወይ? የክሊኒካል ፋርማሲ ጥናት እነዚህኑ ጥያቄዎች በብዙ በሽተኞች ላይ በሥርዓት ጠይቆ፣ መልሱን መዝግቦና ቆጥሮ የአሰጣጥ ደንብ ያወጣል። ሥራው አዲስ መድኃኒት መፈልሰፍ ሳይሆን በእጅ ያለውን በልኩ ማዋል ነው።

ጉበት ካልቀየረው የማይሠራ መድኃኒት

ኮዴይን ከሞርፊን ጋር የአንድ ቤተሰብ፣ የኦፒዮይዶች ወገን ነው። ራሱ ግን ሕመም የማስታገስ ጉልበቱ እጅግ ደካማ ነው። የሚያስታግሰው ጉበት ውስጥ ሲደርስ ከፊሉ ወደ ሞርፊን ስለሚቀየር ነው። እንዲህ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ካልተቀየረ ሥራውን የማይጀምር መድኃኒት በሙያው ቋንቋ ፕሮድራግ ይባላል።

ኮዴይንን ወደ ሞርፊን የሚቀይረው ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለ ኢንዛይም ነው። ኢንዛይም ማለት አንዱን ኬሚካል ወደ ሌላ የሚለውጥ ፕሮቲን ነው። ከተዋጠው ኮዴይን በዚህ በር የሚያልፈው ከ5 እስከ 10 በመቶ ብቻ ነው። ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው በሌላ መንገድ ከግሉኩሮኒክ አሲድ ጋር ተጣብቆ በሽንት ለመውጣት ይዘጋጃል። ስለዚህ 30 ሚሊ ግራም ኮዴይን የዋጠ ሰው ሕመሙን የሚያስታግስለት ከ1.5 እስከ 3 ሚሊ ግራም የሚሆን ሞርፊን ነው። በሩ ጠባብ በመሆኑ ትንሽ ሲሰፋ ወይም ሲዘጋ ለውጡ ጎልቶ ይታያል።

የትራማዶል ነገር ትንሽ ይወሳሰባል፤ ምክንያቱም አንዱ እንክብል እንደ ሁለት መድኃኒት ነው የሚሠራው። ያልተቀየረው ትራማዶል ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን የተባሉትን የነርቭ መልእክተኞች ያበዛል። ሲዋይፒ2ዲ6 ቀይሮት የሚገኘው ኤም1 የተባለው ውጤት ደግሞ የሞርፊን መቀበያ የሆነውን የነርቭ ክፍል ይይዛል። በእንስሳት ላይ በተደረገ ልኬት ኤም1 ይህን መቀበያ የሚይዝበት ኃይል ከትራማዶል እስከ 200 እጥፍ ይበልጣል። ኢንዛይሙ የማይሠራለት ሰው ትራማዶል ሲወስድ ማስታገሻው ክፍል ሳይፈጠርለት ሴሮቶኒን የሚያበዛው ክፍል ይከማችበታል። ስለዚህም ሕመሙ ሳይቀንስ ማቅለሽለሽ፣ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መጠኑ ከጨመረ ደግሞ የሚጥል በሽታን የመሰለ መንፈራገጥ ሊመጣበት ይችላል። ኢንዛይሙ የሚፈጥንለት ሰው በተቃራኒው በኤም1 ይጥለቀለቃል፦ ከባድ እንቅልፍ፣ የብሌን መጥበብ፣ የትንፋሽ መዳከም።

የፍጥነቱ መነሻ ጂን ነው፤ ጂን ማለት ፕሮቲኖች የሚሠሩበት የዘር መመሪያ ነው። አብዛኛው ሰው የዚህ ኢንዛይም ጂን ሁለት ቅጂ አለው፣ አንዱ ከእናት አንዱ ከአባት። አንዳንዱ የማይሠራ ቅጂ ይወርሳል። ሌላው ደግሞ በአንድ ክሮሞሶም ላይ ጂኑ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ተደጋግሞ ይወለዳል። በዚህ መሠረት ሰዎች ዘገምተኛ፣ መካከለኛ፣ መደበኛና እጅግ ፈጣን ተብለው ይመደባሉ።

29 በመቶ የሚለው ቁጥር

እ.ኤ.አ. በ1996 እሌኒ አክሊሉና በስዊድን የካሮሊንስካ ተቋም ባልደረቦቻቸው ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። በእንዲህ ዓይነት ጥናት የተለመደው አካሄድ እንዲህ ነው። ደብሪሶኩዊን ከተባለ የቆየ የደም ግፊት መድኃኒት 10 ሚሊ ግራም ይሰጣል። ተሳታፊው ለስምንት ሰዓት የሸናውን ሁሉ በአንድ ዕቃ ያጠራቅማል። ከሽንቱ ውስጥ ሳይለወጥ የወጣው መድኃኒት ለተለወጠው ተካፍሎ የሚገኘው ቁጥር የኢንዛይሙን ፍጥነት ይናገራል። ቁጥሩ ከ12.6 ከበለጠ ሰውዬው ዘገምተኛ ነው፤ እያነሰ በሄደ መጠን ኢንዛይሙ ፈጣን ነው። ከዚያ ከደሙ ጂኑ ተነብቦ ከሽንቱ ውጤት ጋር ይነጻጸራል። ይህን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ቀላል ነገር ነው። ተሳታፊው አንድ ጊዜ ውጭ ሸንቶ ቢረሳ ወይም ባለፈው ሳምንት የወሰደውን ሌላ መድኃኒት ሳይናገር ቢቀር ውጤቱ ይዛባል።

የተገኘው ውጤት የሙያውን ዓለም ያስገረመ ነበር። ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት ተደጋጋሚ የሲዋይፒ2ዲ6 ጂን ነበራቸው። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከ1 እስከ 2 በመቶ፣ በስፔን ከ7 እስከ 10 በመቶ፣ በሳዑዲ ዓረቢያ 20 በመቶ ገደማ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በኮዴይን ላይ ባወጣው የደኅንነት ማሳሰቢያ ሰንጠረዥ ውስጥም ኢትዮጵያውያን በዚሁ 29 በመቶ ተጠቅሰዋል። በምሥራቅ አፍሪካ ቀንድ ይህ ለምን በዛ ለሚለው ጥያቄ የቀረበ መላምት አለ። በረጅም ዘመን ረሃብ ሲበረታ መራራና መርዛማ ተክሎችን መብላት የቻለው፣ ማለትም በተክሎቹ ውስጥ ያለውን አልካሎይድ የተባለ መራራ ኬሚካል ቶሎ የሚያከሽፍ ጉበት ያለው ሰው በሕይወት የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ ነበር የሚል ነው። አሳማኝ ነው፤ ሆኖም እስካሁን መላምት ነው።

ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በስሕተት ይነበባል። 29 በመቶ የተባሉት ተደጋጋሚ ጂን ያላቸው ናቸው እንጂ በመድኃኒት የሚጎዱ አይደሉም። የተደጋገመው ቅጂ ራሱ ደካማ ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያውያን ዘንድ ኢንዛይሙን የሚያዘገዩ የጂን ዓይነቶችም በብዛት ስለሚገኙ አንድ ሰው በአንድ በኩል ፈጣን፣ በሌላ በኩል ዘገምተኛ ቅጂ ሊወርስ ይችላል። ደግሞም መቶ ሃያ ያህል ሰዎች፣ ጥናቱ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ብዙ ብሔረሰቦች ላሉት አገር ሁሉ ሊናገሩ አይችሉም።

ጂን ብቻውን አይፈርድም

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2002፣ የታተመ ሌላ ጥናት ነገሩን ይበልጥ አስደናቂ አደረገው። ተመራማሪዎቹ በኢትዮጵያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን በስዊድን ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጋር አነጻጸሩ። ጂናቸው አንድ ዓይነት የሆኑት እንኳ እኩል አልሆኑም፤ በኢትዮጵያ የሚኖሩት ኢንዛይማቸው ዝግ ብሎ ተገኘ። ከምግብ፣ ከመጠጥ ወይም ከአካባቢ የሚመጣ፣ ኢንዛይሙን የሚገታ ነገር አለ ማለት ነው። ለስደተኛውም ትርጉም አለው፦ አዲስ አበባ ሳለ በደህና ሲወስደው የኖረው መጠን ስቶክሆልም ወይም ዋሽንግተን ከከረመ በኋላ ሌላ ሊሆንበት ይችላል።

ከሚገቱት አንዱ ከታወቀ ሰንብቷል፤ ጫት ነው። በኢትዮጵያውያን ፈቃደኞች ላይ የተደረገ ጥናት ጫት መቃም የሲዋይፒ2ዲ6ን ሥራ በጉልህ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ በትራማዶል ላይ ሲታሰብ የሚያሳስብ ሰንሰለት ይፈጠራል። የሚቅመው ሰው ኤም1 በበቂ አይፈጠርለትም። ሕመሙ ስለማይቀንስለት ፍሬ ይጨምራል። ያልተቀየረው ትራማዶል ይከማችበታል፣ ጫቱ ራሱ አነቃቂ ነው፣ የመንፈራገጥ አደጋውም ከፍ ይላል። ይህ ሰንሰለት በበሽተኞች ላይ በቀጥታ ተለክቶ የተረጋገጠ ሳይሆን ከአሠራሩ የሚመነጭ ድምዳሜ ነው። ቢሆንም ጥያቄውን በመስኮቱ ላይ ለመጠየቅ ይበቃል።

ሌሎች መድኃኒቶችም በሩን ይዘጋሉ። ለድብርት የሚሰጡት ፍሉኦክሰቲንና ፓሮክሰቲን፣ ለፈንገስ የሚሰጠው ተርቢናፊን ሲዋይፒ2ዲ6ን አጥብቀው ይገታሉ። ፍሉኦክሰቲን ከትራማዶል ጋር ሲሆን ጉዳቱ ድርብ ነው፦ ማስታገሻውን ያዳክማል፣ ሴሮቶኒንን ደግሞ ያበዛል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን በሌላ መንገድ ይመጣል። ሲዋይፒ3ኤ4 የተባለውን ኢንዛይም አነቃቅቶ ኮዴይንንና ትራማዶልን ወደማይጠቅም ውጤት ስለሚያስኬድ ማስታገሻው ይሰንፋል። የነቀርሳ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው «አልሠራልኝም» ሲል ቀድሞ መታሰብ ያለበት ይህ ነው።

አደጋው ትልቅ ነው ወይስ ትንሽ?

እዚህ ላይ ባለሙያዎቹም አንድ ድምፅ የላቸውም። አደጋው ተጋንኗል የሚሉት ወገኖች ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 በጀርመን በታተመ ጥናት ጤነኛ ጎልማሶች 30 ሚሊ ግራም ኮዴይን ወሰዱ። እጅግ ፈጣኖቹ በደማቸው ውስጥ የተገኘው ሞርፊን ከመደበኞቹ በ50 በመቶ ገደማ በለጠ። ከ11 ፈጣኖች 10ሩን፣ ከ12 መደበኞች 6ቱን አንቀላፋቸው። ማንም ግን ለሞት የሚያሰጋ ነገር አልደረሰበትም። ለጤነኛ ጎልማሳ፣ በአንድ ፍሬ፣ ልዩነቱ ድካምና ማቅለሽለሽ ነው።

ጉዳዩ የሚከብደው ሌላ ነገር ሲደረብበት ነው። በአሜሪካና በካናዳ ለቶንሲል ቀዶ ሕክምና የገቡ፣ ኮዴይን የተሰጣቸው ሕፃናት ሞተዋል። ቶንሲላቸው ያበጠባቸው ልጆች በእንቅልፍ ላይ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል፤ ሰውነታቸው ለኦፒዮይድ ይበልጥ ስስ ይሆናል። በዚያ ላይ ፈጣን ጉበት ሲጨመር ለአዋቂ እንቅልፍ ብቻ የሚሆነው መጠን ለልጁ ትንፋሽ ማቆም ይሆናል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2013 በቶንሲል ቀዶ ሕክምና ላይ ያለውን ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ኮዴይንንና ትራማዶልን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ከለከለ፣ ለሚያጠቡ እናቶችም እንዳይሰጡ አስጠነቀቀ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው የሕፃናት ሕመም መመሪያ ኮዴይንን ከማስታገሻዎች የአሰጣጥ ደረጃ ላይ አንሥቶታል።

የሚያጠቡ እናቶች ነገር ይበልጥ ያከራክራል። እ.ኤ.አ. በ2005 በቶሮንቶ የሞተ የ13 ቀን ሕፃን እናቱ ከወሰደችው ኮዴይን በጡት ወተት በተላለፈ ሞርፊን እንደሞተ ተጽፎ ዓለምን ያዳረሰ ማስጠንቀቂያ ሆነ። ከዓመታት በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች በወተት የሚያልፈው መጠን በሕፃኑ ደም ውስጥ የተገኘውን ያህል ሊያደርስ አይችልም ብለው ታሪኩን ሞግተዋል፤ ስለ ጉዳዩ የታተሙ አንዳንድ ጽሑፎችም ተሰርዘዋል። ሙግቱ ክብደት አለው፣ መታወቅም አለበት። በእኔ ግምት ግን የመስኮቱን ውሳኔ አይለውጥም። ለአራስ እናት ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን በወተት የሚያልፉት በጣም በትንሹ ነው፤ ለብዙ ወላዶች ሁለቱን በሰዓታቸው መስጠት ይበቃል። የተሻለው በእጅ እያለ በሚያጠራጥረው መጀመር አያስፈልግም።

ማገድ፣ መመርመር ወይስ መጠየቅ?

ሁለቱንም መድኃኒቶች ለአዋቂም ይታገዱ የሚሉ አሉ። ሱስ አስያዥነታቸው፣ በተለይ ትራማዶል በወጣቶች ዘንድ አላግባብ መወሰዱ፣ ይህን ድምፅ ያጠነክረዋል። የሚያግደው ሰው ግን ካንሰር አጥንቱን የበላው በሽተኛ ምን ይውሰድ ለሚለው መልስ ማዘጋጀት አለበት። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራው ለቆሰለና ኩላሊቱ ለደከመ አይሆኑም። ሞርፊን በሲዋይፒ2ዲ6 ላይ የማይመረኮዝ በመሆኑ በዚህ ረገድ የተሻለ ነው፤ ነገር ግን በየጤና ተቋሙ እንደልብ አይገኝም። ማስታገሻ መንፈግም ጉዳት ነው።

ሁሉም ሰው ጂኑ ይመርመር የሚሉት ደግሞ ፋርማኮጄኖሚክስን፣ ማለትም መድኃኒትን ከጂን ጋር የማዛመድ ሳይንስን፣ መፍትሔ ያደርጉታል። በዚህ ዘርፍ የሚሠራው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ኅብረት መመሪያ ግልጽ ነው፦ እጅግ ፈጣን የሆነም ዘገምተኛ የሆነም ሰው ኮዴይንና ትራማዶል ባይወስድ ይመረጣል። መመሪያው የጂን ውጤት ካለ ምን ይደረግ የሚለውን ይመልሳል እንጂ ሁሉም ይመርመር አይልም። ሲዋይፒ2ዲ6ም ከሚያስቸግሩ ጂኖች አንዱ ነው። ቅጂው ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ ብቻ ሳይሆን የተደጋገመው የሚሠራው ይሁን የማይሠራው መለየት አለበት፤ ተራ ምርመራ ይህን መለየት ይሳነዋል። ለሦስት ቀን ሕመም ምርመራው ተልኮ መልሱ እስኪመጣ ቁስሉ ይድናል። ምርመራው ይበልጥ የሚያዋጣው ለዓመታት ለሚወሰዱ፣ በዚሁ ኢንዛይም ለሚያልፉ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ነው ብዬ አስባለሁ።

የቀረው መንገድ ርካሹና የተረሳው ነው፤ በሽተኛውን መጠየቅ።

በመስኮቱ ላይ ምን ይደረግ?

የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። «ከዚህ በፊት ለሕመም ወይም ለሳል የወሰዱት መድኃኒት ከልክ በላይ አስተኝቶዎት ያውቃል?» «ከወንድም ከእህትዎ እንዲህ የሆነ አለ?» ጂን የቤተሰብ ነውና ሁለተኛው ጥያቄ ዋጋ አለው። «ያጠባሉ?» «ለድብርት፣ ለነቀርሳ፣ ለፈንገስ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» «የሚጥል በሽታ ነበረብዎት?» የጫቱ ጥያቄ ጥበብ ይፈልጋል። ሰልፉ ፊት ጮክ ተብሎ ከተጠየቀ መልሱ ምንጊዜም «አይ» ነው። ድምፅን ዝቅ አድርጎ «ጫት ከዚህ መድኃኒት ጋር ስለሚጋጭ ሁሉንም ሰው እንጠይቃለን» ማለት እውነቱን ያወጣል።

ከዚያ መጠኑ ነው። ትራማዶል ለሚጀምር አዋቂ የመጀመሪያው 50 ሚሊ ግራም በቀን ብርሃን፣ ሰው አጠገብ ባለበት ሰዓት ይወሰድ። ማታ ብቻን ተወስዶ ቢተኛ ችግሩን የሚያይ አይኖርም። ትንፋሽን የሚያዳክሙ ሌሎች ነገሮች፣ አልኮልና እንደ ዳያዜፓም ያሉ የእንቅልፍ መድኃኒቶች፣ አብረው አይወሰዱም። የቀኑ ጣሪያ 400 ሚሊ ግራም ነው፤ ከዚያ በላይ የመንፈራገጥ አደጋው ይጨምራል። ከ75 ዓመት በላይ ለሆኑት ጣሪያው 300 ነው። ኩላሊታቸው በጣም ለደከመ በየ12 ሰዓቱ ሆኖ ከ200 አይበልጥም፣ ጉበታቸው በበሽታ ጠባሳ ለደረቀ (ሲሮሲስ ላለባቸው) ደግሞ በየ12 ሰዓቱ 50 ነው። ቀስ ብሎ የሚለቀቀው ባለ 100 ወይም ባለ 200 እንክብል አይሰበርም፣ አይታኘክም፤ ከተሰበረ የአሥራ ሁለት ሰዓቱ መድኃኒት በአንዴ ይለቀቃል።

አልሠራ ሲል የሚፈጸመው ስሕተት ፍሬ መደረብ ነው። ኮዴይን ከፓራሲታሞል ጋር በተቀላቀለበት መድኃኒት ላይ ይህ ይበልጥ ይጎዳል። በአንዱ ፍሬ 30 ሚሊ ግራም ኮዴይንና 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ካለ ስምንቱ ፍሬ 4 ግራም ፓራሲታሞል ሆነ፤ የአዋቂ የቀን ጣሪያ ነው። ዘገምተኛው ሰው ከሞርፊን ምንም ሳያገኝ አሥራ ሁለት ፍሬ ቢወስድ ጉበቱን የሚጎዳው ፓራሲታሞሉ ነው። ሁለት ጊዜ ወስዶ ለውጥ ያላገኘ ሰው ተመልሶ ይምጣ፣ መድኃኒቱ ይቀየርለት።

ለቤተሰብ የሚነገረው ምልክት በግልጽ ቋንቋ ይሁን፦ ተጠርቶ የማይነቃ፣ ብሌኑ እንደ መርፌ ጫፍ የጠበበ፣ ትንፋሹ የዘገየ ወይም የሚያንኮራፋ፣ ከንፈሩ የጠቆረ። ጡት የሚጠባ ሕፃን ከሆነ ለመጥባት የማይነሣ፣ ሰውነቱ የላላ። እነዚህ ሲታዩ መድኃኒቱ ይቁም፣ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይኬድ፤ የኦፒዮይድን ጉልበት የሚመልሰው ናሎክሶን የሚገኘው እዚያ ነው።

በውጭ ላሉ አንባቢዎች ሁለት ነገር እንጨምር። በእንግሊዝ 8 ሚሊ ግራም ኮዴይን ከ500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ጋር ያለበት መድኃኒት ያለ ሐኪም ማዘዣ ከፋርማሲ ይገዛል፤ ለሦስት ቀን ብቻ እንዲወሰድ የተፈቀደ ነው። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ በተቃራኒው ኮዴይንም ትራማዶልም ጥብቅ ቁጥጥር ያለባቸው ናቸው። ከአገር ቤት በሻንጣ ይዞ የሚሄድ ሠራተኛ አስቀድሞ ፈቃድ ካልያዘ ከባድ የሕግ ጉዳይ ይገጥመዋል። ለሥራ የሚጓዙ እህቶቻችን ይህን ከመነሣታቸው በፊት ሊያውቁት ይገባል።

የሚጎድለው ጥናት

እንዲህ ያለ ጥናት ፍሬ እንደሚያፈራ ኤፋቪሬንዝ ምስክር ነው። ይህ የኤችአይቪ መድኃኒት ለዓመታት በመላው ዓለም በቀን 600 ሚሊ ግራም ሲሰጥ ኖረ። ሲዋይፒ2ቢ6 የተባለው ኢንዛይም የሚዘገይባቸው ሰዎች ደማቸው ውስጥ ይከማችባቸውና ቅዠት፣ የራስ መዞር ይበረታባቸዋል። ኢትዮጵያውያንንና ታንዛኒያውያንን ያነጻጸረ ጥናት ደግሞ በተመሳሳይ መጠንና በተመሳሳይ ጂን እንኳ በታንዛኒያውያኑ ደም ውስጥ የሚገኘው መድኃኒት እንደሚበዛ አሳየ፤ «አፍሪካዊ» የሚለው አንድ መደብ ለመጠን ውሳኔ እንደማይበቃ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ዓለም አቀፍ ሙከራ 400 ሚሊ ግራሙ ከ600ው እንደማያንስ አረጋገጠ።

በትራማዶል ላይ የጎደለው በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ጂኑን ከበሽተኛው ሕመም ጋር የሚያገናኝ መጠነ ሰፊ ሥራ ነው። አስቸጋሪ መሣሪያ አይጠይቅም። በቀዶ ሕክምና የወለዱ 300 እናቶች ይያዙ፤ ከአምስቱ አንዷ እጅግ ፈጣን ብትሆን 60 ይገኛሉ፣ ለማነጻጸር ይበቃሉ። ከመጀመሪያው ፍሬ በኋላ በ2፣ በ6፣ በ12 እና በ24 ሰዓት ሕመማቸው ከ0 እስከ 10 ይለካ፤ የእንቅልፋቸው ክብደትና የትንፋሻቸው ብዛት በደቂቃ ይቆጠር። ከጣት የሚወሰድ የደም ጠብታ በማጣሪያ ወረቀት ላይ ደርቆ ለጂን ምርመራ ይቀመጥ።

የሚበላሸው የት እንደሆነ አልጋ አጠገብ የሠራ ያውቀዋል። ካርዱ ላይ የታዘዘው ሁሉ አልተሰጠም፤ መድኃኒቱ አልቆ ወይም ነርሷ በሌላ ድንገተኛ ተይዛ የሌሊቱ መጠን ይዘለላል። በሽተኛዋም «አልሠራልኝም» ስትል መድኃኒቱ ሳይወሰድ የሰነፈ ይመስላል። ስለዚህ የሚቆጠረው የታዘዘው ሳይሆን የተዋጠው ነው፣ የባዶው ብሊስተር ቁጥርም ይመዘገባል። የሕመሙ መለኪያ በየጊዜው በተለያየ ሰው ሲጠየቅም ይዛባል፤ ብዙ እናቶች በዘመድ ፊት ሕመማቸውን ዝቅ አድርገው ይናገራሉ። ጥናቱ ሲጀመር ፓራሲታሞል የጨመሩትና ያልጨመሩት ካልተለዩ ደግሞ ልዩነቱ የጂን ይሁን የፓራሲታሞል ማወቅ አይቻልም።

ጥናቱ እስኪደርስ መረጃ የሚሰበሰብበት ሌላ መንገድ ዛሬም ክፍት ነው። ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የጎንዮሽ ጉዳት የሚነገርበት ቢጫ ቅጽ አለ፤ በነጻ ስልክ 8482 መደወልም ይቻላል። «ትራማዶል ወስዳ ተኛች» ተብሎ ቢጻፍ ለማንም አይጠቅምም። የሚጠቅመው የመድኃኒቱ ስም፣ አምራቹና የባች ቁጥሩ፣ ስንት ሚሊ ግራም በስንት ሰዓት እንደተወሰደ፣ ምልክቱ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደጀመረ፣ አብረው የተወሰዱት መድኃኒቶች፣ ጫትና አልኮል፣ ጡት ማጥባቷ ሲጻፍ ነው። ባች ቁጥሩ ከተጻፈ የጥራት ጉድለት ይሁን የጉበት ፍጥነት መለየት ይቻላል። መጀመሪያ ላይ ባነሣናት፣ አንድ ፍሬ ባስተኛት እናት ካርድ ላይ ደግሞ ፋርማሲስቱ አንድ መስመር ይጨምር፦ «ትራማዶል 50 ሚ.ግ.፣ አንድ ፍሬ፣ ከባድ እንቅልፍ። ኮዴይንም አይሰጣት።»